በእናቴ ቅቤ ላይ የቀረበው ክስ

ቅቤ አፍ የለውም፤ ለሚያውቀው ሰው ግን ይናገራል። አርብ ገበያ ላይ ሴትዮዋ ቅሏን ከጀርባዋ ሳታወርድ ሽታው ቀድሞ ይደርሰኛል። በገብስ ገለባ የከረመች ላም ቅቤ ሌላ ነው፤ የመስከረም ሣር የጠገበች ላም ቅቤ ሌላ ነው። ሙዝ ወይም የፋብሪካ ቅባት የተለወሰበትን ደግሞ በጥፍሬ ጫፍ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ ሳሸው ራሱ ይናዘዛል። እዚህ ገበያ ውስጥ ሊያታልለኝ ያልሞከረ ሰው የለም፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ አልሰነፍኩም። የተማርኩት እዚሁ ነው። መምህራኔ ደላሎች ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ወድቀህ ካልተማርክ ደግመው የሚጥሉህ ዓይነት መምህራን።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ቅቤ አውቃለሁ ባይ ሰውዬ የገዛ እናቴ ቅቤ ነፍስ አጠፋ ሲባል የምመልሰው አጥቼ እንደቆምኩ እንድታውቁልኝ ነው።

እህቴ ያገባችው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ባሏ አስተማሪ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው። የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ምጡ ጠናባትና ጤና ጣቢያው «ከአቅማችን በላይ ነው» ብሎ በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካት። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ሌላው ሆስፒታል የተሻለ ይመስላችኋል።

እዚያ ሆዷን ቀደው ሴት ልጅ አወጡላት። ልጅቷ ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት ስለነበር ጨቅላዎች የሚተኙበት ክፍል አስገብተው በቀጭን ቱቦ ኦክስጅን አደረጉላት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ልጆቹ ባንድ አልጋ ላይ እንደ ዳቦ ጎን ለጎን ነው የሚተኙት።

እናቴ ከጋይንት ግማሹን በእግሯ ግማሹን በመኪና ደረሰች። ከነጠላዋ ሥር ትንሽ ቅል ይዛለች። ምን እንዳለበት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለጋ ቅቤ ነው። በእኛ አገር ልጅ ተወልዶ ቅቤ ሳይውጥ የዚህን ዓለም ነገር አይጀምርም። አንጀቱን ያለሰልሳል ይባላል፤ ድምፁን ያሳምራል ይባላል። እኔም ውጫለሁ፣ እህቴም ውጣለች፣ ነጭ ጋወን የለበሱትም ሁሉ ሳይውጡ አልቀሩም።

ነርሷ ፊቷን ስታዞር እናቴ ጣቷን ቅሉ ውስጥ ነክራ የልጅቷን ከንፈር አስከፈተች። በማግስቱም እንዲሁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዘብ እጠብቃለሁ። ነርሷ ብቅ ስትል አስላለሁ፤ እናቴ ቅሏን ትሸጉጣለች። በዚያ ሁሉ መከራ መሀል እንኳ ሳቃችን ይመጣ ነበር።

ልጅቷ ደኅና ነበረች። ትንፋሿ ተስተካክሎ «ልትወጡ ነው» ብለውናል። ከዚያ ጡት መያዝ ተወች። እንደ ትልቅ ሰው በትኩሳት አልነደደችም፤ እንዲያውም ቀዘቀዘች። ቆዳዋ የጓያ ክክ መሰለ። ጨቅላ ሲብስበት አይጮህም፤ ለካ ማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል። ዶክተሩ መጥቶ ደም እንዲቀዳ አዘዘ። እፍኝ ከማትሞላ ልጅ ላይ ደም ሥር ሲፈልጉ፣ ሲወጉ፣ ሲስቱ፣ ደግመው ሲወጉ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።

ያን ዕለት ነርሷ የልጅቷን አፍ ስታጸዳ ጣቷ ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር አገኘች። አሸተተችው።

«ቅቤ ነው?»

እናቴ ቅሏን ነጠላዋ ሥር ሸጎጠች።

«እኮ፣ ቅቤ ሰጥታችኋታል ወይ?»

«ጫፏን ብቻ ነው ልጄ፤ ለአንጀቷ ብዬ...» አለች እናቴ።

«እማማ! ስንት ጊዜ እንንገራችሁ? ይኸው አሁን ደሟ ውስጥ ገብቷል!»

ልጅቷ በማግስቱ ጠዋት ሞተች። «ደሟ ውስጥ ገብቷል» የምትለዋ ቃል ግን አልሞተችም፤ ከእኛ ጋር መኪና ተሳፍራ አገር ቤት ገባች።

ክርስትና ሳትነሣ የሞተች ልጅ ስም የላት፣ ፍትሐት የላት። አማቼ፣ የእህቴ ባል፣ በጋቢ ጠቅልሎ ይዟት ሄደ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳር አፈር ለበሰች። ለጨቅላ ድንኳን አይጣልም። ሰዎች ብቅ እያሉ «እግዜር ሌላ ይተካ» ይሉና ስለ ዝናቡ ያወራሉ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ያቺን ጣት እንደያዘች የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከሆስፒታሉ ሳንወጣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ አማቼን አነጋግሮት ነበር። ጨቅላዎች ደም ውስጥ እየገባ የሚገድለውን ባክቴሪያ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ ከልጅቷ ደም ያደገውን አስቀምጠን ብንመረምረው ትፈቅዳላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀው። አማቼ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈረመ፤ የሚገኘውን እንዲነግሩትም ጠየቀ። ከቀብሩ በኋላ ያው ሰውዬ ለእኔ ደወለልኝ። ስለ ቅቤው ሰምቷል።

«ከዚያ ቅቤ የተረፈ ካለ ከነቅሉ ብታመጣልኝ» አለ። «በውስጡ ያለው ከልጅቷ ደም ካገኘነው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ማየት እንችላለን።»

ለእናቴ ነገርኳት። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እጠብቃለሁ። ቆየች። በኋላ ቅሉን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ እንደ መስቀል በሁለት እጄ ተቀብዬ መንገድ ጀመርኩ።

የላቦራቶሪው ሰውዬ ዘንድ ስደርስ ጨርቁን ፈታ፣ ክዳኑን ከፈተ። የወይራ ጢስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሰውዬው ቅሉን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄ ያው ቅቤ ነው?»

«ያችው ላም ናት።»

«ላሟን አልጠየቅሁህም፤ ቅቤውን ነው።»

«ወንድሜ፣ ያኛው እኮ ጣት የገባበት ትራፊ ነው። ለሰው ትራፊ እንልካለን? ዛሬ ጠዋት ነው የተናጠልህ።»

«ቅሉስ?»

«በፈላ ውኃ ታጥቧል። በወይራም ታጥኗል። አሳምራ ነው ያጠነችው።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ግንባሩን ያዘ።

«ጋይንቶች!» አለ። «ማስረጃውን አጥባችሁ፣ አጥናችሁ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራችሁ አመጣችሁልኝ።»

«አንተ የወዴት ነህ?»

«የስማዳ።»

«የስማዳ ሰው ቢሆን ቆሻሻውን ይልክልህ ነበራ?»

ትንሽ አሰበና «የኔ እናት ብትሆን ማርም ትጨምርበት ነበር» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከዚያ በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ የሚፈልገውን ነገር ሊያገኝ እንደማይችል፣ ቅቤውም ከእንግዲህ ሊመሰክር እንደማይችል አስረዳኝ። በእንግዳ ፊት ላለማፈር ብላ እናቴ ነጻ ሊያወጣት ይችል የነበረውን ብቸኛ ምስክር በገዛ እጇ አጥባዋለች።

«ታዲያ ቀረ በቃ?»

«አልቀረም። ልጅቷ ደም ውስጥ የነበረው አለ» አለና ማቀዝቀዣውን አሳየኝ። «ይሄ ጀርም ያሉንን መድኃኒቶች ሁሉ ሞክረንበት እምቢ ብሏል። ከሌሎች ልጆች ካገኘነው ጋር አዲስ አበባ እንልከዋለን። እዚያ ጂኖሙን ያነቡታል።»

ማንበብ የሚለው ቃል ስላልገባኝ ገልጾ ነገረኝ። ባክቴሪያው ሲራባ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል፤ የሳተውን ለልጆቹ ያወርሳል። ሁለት ጀርሞች ተመሳሳይ ስሕተት ከተገኘባቸው ከአንድ አባት የወረዱ ናቸው። ይህን ጊዜ ገባኝ። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማረ አጎት ነበረኝ፤ የብራና መጽሐፍ ሲገልጥ «ይቺ ስሕተት እንትና ደብር ካለው መጽሐፍ የመጣች ናት፤ ጸሐፊው ከዚያ ነው የገለበጠው» ይል ነበር። ትክክል የተጻፈውማ የሁሉም ነው፤ ዘር የሚታወቀው በስሕተት ነው።

«እንዲያ ከሆነ» አልኩት «የገዳዩን ሰባት ቤት ልትቆጥሩ ነው።»

«ከሰባትም በላይ» አለኝ።

ጥበቃው ረጅም ነበር። ስደውልለት «መንገድ ተዘግቶ አልተላከም» ይላል። ሌላ ጊዜ ስደውል ተልኳል፤ ማሽኑ የሚፈልገው ኬሚካል ግን አልቋል። ደግሞ ሌላ ጊዜ ኔትወርክ የለም። በቅቤ ንግድ እንዲህ ሰበብ የሚደረድርልህ ሰው ቅቤው ሻግቶበታል ማለት ነው።

«ተበላሽቶባችሁ እንዳይሆን!» አልኩት አንድ ቀን።

«ጀርሙ አይበላሽም። በረዶ ውስጥ ተኝቷል።»

ስልኩን ዘግቼ ገበያው መሀል ቆምኩ። ልጅቷ አፈር ውስጥ ፈርሳለች፤ የገደላት ሳጥን ውስጥ በሰላም ተኝቷል። ጎኔ ያለው በርበሬ ነጋዴ «ምን ሆንክ፣ ቅቤው ቀለጠብህ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። 

እናቴ መናጥ ተወች። ላሟ ትታለባለች፤ ወተቱን ለጎረቤት ታድላለች። እኔ ቤት ቅቤ በገባ ቁጥር ተነሥታ ትወጣለች። ቤቱ የቅቤ ነጋዴ ቤት ነውና ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ ዋለች ማለት ነው። ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነግራቸዋለች፤ ስግደትና ጾም ሰጥተዋታል። ጨረሰች። ከጨረሰችም በኋላ አላቆመችም። ቄሱ እኔን አስጠርተው «የሰጠኋት ቀኖና አልቋል፤ አሁን የምትሰግደው በገዛ ሥልጣኗ ነው። ተዪ በላት» አሉኝ።

አልኳት።

«እሳቸው ደሟ ውስጥ ሲገባ መች አዩ?» አለችኝ።

ጉልበቷ ቆስሎ፣ ቁስሉ እየደረቀ ደግሞ እየተላጠ፣ እንዲያም ሆኖ ትሰግዳለች። እህቴ ልትጠይቃት ስትመጣ ዓይኗን አታይም። እህቴ ደግሞ አንድም ቀን አልከሰሰቻትም። ብትከስሳት ይሻል ነበር። የተከሰሰ ሰው መልስ ይሰጣል፤ ዝም የተባለ ሰው ለማን ይመልሳል? እኛ ጋይንቶች ለአንዲት ትልም ወሰን የልጅ ልጅ ድረስ የምንሟገት ሰዎች ነን፤ እናቴ ግን ጠበቃም ዳኛም ሳትፈልግ በራሷ ላይ ፈረደች።

በዚህ መሀል እህቴ ዳግመኛ አረገዘች።

ደስታ ነው ይባላል። ቤታችን ግን ወሬውን እንደ መርዶ ነው የሰማው። ሐኪም እንደነገራት መጀመሪያ ሆዷ ስለተቀደደ፣ ሁለተኛውን ልጅ ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ቦታ መውለድ አለባት። ያ ማለት ያው ሆስፒታል ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «እኔ አልደርስባትም» አለች። «ቅቤም አልይዝ፣ እጄንም አልዘረጋ። የወለደች ቀን ከሩቅ ንገሩኝ።» ልጇን አራስ ቤት የማትጠይቅ እናት በእኛ አገር የለችም። እህቴ ይህን በስልክ ሰምታ ስልኩን ለባሏ አቀበለችው፤ አማቼ ጉሮሮውን ጠርጎ መልሶ ሰጣት።

የላቦራቶሪው ሰውዬ የደወለው የእህቴ ሆድ ከገፋ በኋላ ነው። «መጥቷል» አለ።

አማቼ የሚያስተምረው ክፍል ነበረውና እኔ ሄድኩ። ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሥዕል ከፈተ። ዛፍ ነው፤ ወደ ጎን የተጋደመ ዛፍ። ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ነጠብጣብ አለ። ስም የለም።

«ይቺ የእህትህ ልጅ ናት» አለና አንዷን ነጥብ አሳየኝ።

ስም ሳታገኝ የሞተችው ልጅ እዚያ ላይ ነጥብ ሆና ቁጭ ብላለች።  የአማቼን ጠባይ የወረስኩ ይመስል እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እነዚህ ደግሞ በዚያን ሰሞን በዚያው ክፍል የታመሙ ልጆች ናቸው።» ጎን ለጎን፣ አንዲት ቅርንጫፍ ላይ እንደ ወፍ ሰፍረዋል። «በመሀላቸው የፊደል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጀርም ነው ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር የነበረው።»

«ከነዚህ ውስጥ በሕይወት ያለ አለ?»

ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሣም። «ጥቂት አሉ።»

«ሁሉም ቅቤ ውጠዋል?»

«ጠይቀናል። አብዛኞቹ አልዋጡም። ይቺን ደግሞ እያት።» ቀለሟ የተለየ ነጥብ ነበረች፣ ከልጆቹ መሀል። «ይቺ ሕፃን አይደለችም። ኦክስጅኑ ወደ ልጆቹ አፍንጫ ከመሄዱ በፊት የሚያልፍበት የውኃ ጠርሙስ አለ። ከዚያ የተቀዳች ናት።»

«ውኃው ነዋ የገደላቸው!»

«እንደሱ አትበል። ጠርሙሱን የቀየረ እጅ ይሁን፣ ካንዱ ልጅ ወደ ሌላው የሄደ እጅ ይሁን፣ የት እንደጀመረ ማሽኑ አይነግረንም። አንድ ቤት ውስጥ ሲዘዋወር እንደነበረ ግን ይነግረናል። ለክፍሉ አሳውቀናል፤ ጠርሙሶቹን ቀይረዋል፣ በበረኪና አጥበዋል።»

«ቅቤው ነጻ ወጣ ማለት ነው?»

«ከዚህ ክስ።»

«ከዚህ ክስ ብቻ?»

«ብቻ። ቅሉን ባታጥቡት ኖሮ ጨርሰን እንዘጋው ነበር። ለጨቅላ ቅቤ እንዳትሰጡ፤ በሌላ ክስ ብዙ ፋይል አለበት።»

ከዚያ ወጥቼ መኪና ስይዝ እናቴ እልል ስትል ይታየኝ ነበር። ሰው ሲነግድ ኖሮ የሰውን ልብ ዋጋ አውቃለሁ ብሎ ያስባል።

ስደርስ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዛፉን፣ ነጥቦቹን፣ ጠርሙሱን። ምስሯን አላቋረጠችም። ጠጠር ታነሣለች፣ ትወረውራለች።

«ይህን ማን ነው ያለው?»

«ማሽን ነው እምዬ።»

«ሰው የለበትም?»

«ማሽኑን የሚያነብ ሰው አለ። የስማዳ ልጅ ነው።»

«የስማዳ» አለች፤ በድምፅዋ ማመንም መጠርጠርም ነበረበት። «ሌሎቹ ልጆች ቅቤ አልዋጡም?»

«አልዋጡም።»

«ሞቱ?»

«ብዙዎቹ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ደስ ያላት እንዳይመስላችሁ።

«እናቶቻቸው ታዲያ» አለች «ምን አደረግን ብለው ይሆን እስካሁን የሚሰግዱት?»

 መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ልጄንስ እዚያው ነው የምትመልሷት?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ቅቤውን ነጻ ሳወጣ ሆስፒታሉን መወንጀሌ ነው፤ እህቴ ደግሞ ከሆስፒታሉ ሌላ መሄጃ የላትም። እናቴ ስልኬን ተቀብላ ራሷ አናገረቻት። «እዚያ እንዳትሄጂ። ልጅሽን የበላው ያ ቤት ነው። እኔ ዘንድ ነዪ፤ አዋላጅ አለች፣ እኔ አለሁ።» የእህቴ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«እምዬ፣ ቤት ብወልድ ማሕፀኔ ይቀደዳል ብለውኛል። እዚያ ልጄ ይሞት ይሆናል። ቤት ግን የምንሞተው ሁለታችንም ነን።»

«ሌላ ቦታ የለም?»

«ሌላ የት አለ እምዬ?»

እናቴ ስልኩን እንዴት እንደሚዘጋ ስለማታውቅ ለእኔ ሰጠችኝ። ምስሩን ሰፌዱ ላይ ትታ ተነሣች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ይህን ያህል ወር የገዛ እጄን ስጠብቅ ከርሜ የለ? አሁን የነሱን እጠብቃለሁ።»

እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ያው ሆዷ ተቀዶ። የልጁ ትንፋሽ ልክ አይደለም ተባለና ያው ክፍል አስገቡት። ልብ በሉ፣ ያው ክፍል፤ ግድግዳው ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በሩ አጠገብ እጅ መታጠቢያ አለ፤ ከበላዩም «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ምን እንደሚል ነገርኳት። ነጠላዋን አደግድጋ ከሥሩ ቁጭ አለች። አባራሪ ቢመጣ የምትነሣ አይመስልም።

መጀመሪያ የመጣችው ያችው ነርስ ናት፤ ያን ጊዜ የጮኸችብን። እኛን አላስታወሰችንም። እሷ ያየቻቸው ሟቾች ብዙ ናቸው፤ እኛ ያየነው አንድ ነው።

«ልጄ፣ እጅሽን» አለቻት እናቴ።

«ምን አሉ?»

«እጅሽን ታጠቢና ግቢ። ተጽፏል አሉ እኮ።»

ነርሷ ቧንቧውን ከፈተችላት። ጉርር ብሎ ዝም አለ። «ይኸው እማማ። ከደረቀ ሰንብቷል። አልኮሉም አልቋል። ምን ላድርግ፣ በምራቄ ልታጠብ?»

ስድብ አልነበረም። ድካም ነው። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል፤ ከበስተኋላዋ ልጆቹ ተደርድረው ተኝተዋል፤ እሷ አንዲት ናት። ያን ሁሉ ወር ገዳይ ስፈልግ ክፉ ሰው ነበር የምጠብቀው። ያገኘሁት ደረቅ ቧንቧ ነው።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ምን ትገተራለህ? አልሰማህም?»

ወጣሁ። ባጃጅ ያዝኩ፤ ቢጫ ጄሪካን ፈላልጌ፣ ታንከር ያለው ሆቴል ለምኜ፣ ሞልቼ አመጣሁ። ነርሷ በረኪና ጠብ አደረገችበት፤ እናቴ በጣሳ እየቀዳች ለገባው ሁሉ ታስታጥባለች። ዶክተር ቢሆን፣ ጽዳት ሠራተኛ ቢሆን፣ ልጇን ልታጠባ የመጣች አራስ ብትሆን፣ ሳይታጠብ ማንም አያልፋትም። አንዱ ዶክተር «እናቴ፣ ጓንት አድርጌያለሁ እኮ» አላት። «ጓንቱን ያደረግከው በማን እጅ ነው?» አለችው። ታጠበ። አንዱ ደግሞ እየሳቀ «ሴትዮዋን ማን ቀጠራት?» ብሎ ጠየቀ፤ ነርሷ «ዝም በል፤ ውኃ ያመጡት እነሱ ናቸው» አለችው። ዕድሜዬን ሙሉ በነጻ አንድ ማንኪያ ቅቤ ለሰው አላቀመስኩም፤ አሁን ውኃ በነጻ አመላልሳለሁ፤ ያውም እየተቆጡኝ።

በየጠዋቱ የልጁን እግር እነካለሁ፤ ሞቋል አልሞቀም። ደም ቀዱለት። ደሙ በተቀመጠበት ጠርሙስ ውስጥ ምንም ጀርም ሳያድግ ቀረ። ይህን ሲነግሩን እህቴ «ደግማችሁ እዩት» አለች። ደግመው አዩት። እኔ ይህን ዐረፍተ ነገር ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ የሚሰማ ነገር ካለ እንዳይሰማኝ፦ ልጁ አለ።

ከኛ ልጅ ጎን የተኛችው ግን፣ የሌላ ሴት ልጅ፣ ጡት መያዝ ተወች። እናትየዋ ገና ልጅ እግር ናት፤ ከቆላ ነው የመጣችው፤ አብሯት የመጣ ሰው የለም። ከልጇ ደም ሲቀዱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ አየቻት። ሄዳ አላጽናናቻትም፤ ጣሳዋን ይዛ በሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ከልጅቷ ደም የሚያድገው ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ፣ ገና አልታወቀም።

መውጫችን ደረሰ። አማቼ ከእስቴ መኪና ይዞ መጣ። እህቴ ልጇን ታቅፋ ገባች፤ ዕቃው ተጫነ፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። እናቴ የለችም። ተመልሼ ብገባ እዚያው፣ ከቧንቧው ሥር፣ ጣሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እምዬ፣ ተነሺ እንጂ! ልጃችን ወጣ እኮ።»

«እግዜር ይመስገን። ሂዱ።»

«አንቺስ?»

በጣሳው ጀርባ ወደ ክፍሉ ጠቆመች። ልጆቹ ይታያሉ፤ በኛ ልጅ ቦታ ሌላ ተኝቷል።

«ይሄ አልቋል» አለችኝ፣ ጄሪካኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ። «እኔ ብወጣ ውኃውን ማን ያመጣል?»

የቧንቧ ነገር የመንግሥት ሥራ ነው፣ አንቺ አሮጊት ነሽ፣ ጉልበትሽ ቁስል ነው፣ ነገ አርብ ነው ገበያ አለብኝ፣ ብዙ የምለው ነበረኝ። ሻጭ የቆረጠ ዕለት ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ መከራከር ምራቅ ማባከን ነው። ወጥቼ ሾፌሩን «ሂዱ፣ እኛ እንከተላለን» አልኩትና ጄሪካኑን አንሥቼ ባጃጅ ጠራሁ።